ሲጨምቅ ከቦታው እየተነሳ የሚሄድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ እንዴት እናስቁመው?

እናቴ ቤት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ዘጋብን። ቀልድ አይደለም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ማሽኑ ጭመቃ ላይ ሲደርስ እየተንገጫገጨ፣ ስንዝር በስንዝር እየተንፏቀቀ መጣና በሩን ተደገፈው። እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን "ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" እንባባላለን። ልብሱን ልናወጣ ስንሄድ በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተና ቀጥ አለ። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ በመስኮት ገብቶ ገፋልን። "ዋሪያ፣ ማሽናችሁ መውጣት ፈልጎ ነው እኮ፣ ልቀቁት አቦ!" እያለ ሲስቅብን ዋለ።

ከዚያ በፊት ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። ድንጋይ ደግፈንበታል። ካርቶን አጥፈን ከእግሩ ሥር ከተናል። እህቴ ጭመቃ ሲጀምር ሮጣ ላዩ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ጥገና ሠሪ አምጥተን "ሞተሩ ነው፣ ይቀየር" ብሎን ነበር። ሞተሩ አልነበረም። ወለሉ ነበር።

የድሬ መታጠቢያ ቤቶችና በረንዳዎች ወለላቸው ቀጥ ያለ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው። ግንበኛው ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲወርድ አዘንብሎ ነው የሚሠራው፣ ደግ አደረገ። እኛ ግን 60 እና 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ለጥ ያለ ቦታ የሚፈልግ ማሽን እዚያ ዳገት ላይ እናቆምና "ተበላሸ" እንላለን። ስለዚህ ከሞተር በፊት ወለልና እግር እንይ።

ለምን ይሄዳል?

ሲያጥብ ጨዋ የሆነው ማሽን ሲጨምቅ የሚያብደው በፍጥነቱ ነው። ሲያጥብ ልብሱ ያለበት ከበሮ በደቂቃ 50 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። ሲጨምቅ ግን እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ800 እስከ 1400 ዙር ይደርሳል። ልብሱ ዙሪያውን እኩል ከተለጠፈ ሰላም ነው። ግማሽ ኪሎ እርጥብ ልብስ ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን፣ በ1200 ዙር ከበሮውን ወደ ውጭ የሚጎትተው ጉልበት 190 ኪሎ ገደማ ክብደት ያህላል። ያ ጉልበት በሰከንድ 20 ጊዜ ዙሪያውን እየዞረ ይገፋል። ፍጥነቱ 800 ቢሆን ያው ግማሽ ኪሎ የሚፈጥረው ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ 85 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ወደኋላ እንመለስባታለን።

አብዛኛውን ጉልበት ውስጥ ያሉት ሞላዎችና ባጃጅ ላይ እንዳለው ዓይነት ሾኮች ይውጡታል። የተረፈው ወደ እግሮቹ ይወርዳል። አራቱም እግሮች መሬት ከረገጡ ማሽኑ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ይጨርሳል። አንዷ ከተንጠለጠለች በሦስቱ ላይ እየተወዛወዘ መንገድ ይጀምራል።

መጀመሪያ ባዶውን አስጨምቁት

ምንም ሳትነኩ ልብሱን በሙሉ አውጡና ጭመቃ ብቻ ላይ አድርጋችሁ አስነሱት። አጠገቡ ቁሙና ስሙት። ባዶውን ጸጥ ብሎ ከጨረሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አሞላላችን ነው። ባዶውንም ከተንቀሳቀሰ እግሩን፣ ወለሉን ወይም የማጓጓዣ ብሎኖቹን ጠርጥሩ። ብረት ከብረት ሲላተም ከሰማችሁ ችግሩ ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ እርጥብ ወለል ላይ፣ በባዶ እግር ኤሌክትሪክ ያለው ማሽን መገፍተር ድፍረት አይደለም። ሌላ ምክር፦ ጠዋት ጀምሩ። ቀትር ላይ አንዲት ዳዶ ብትጎድላችሁ ሱቁ ዝግ ነው፣ ባለሱቁም በርጫው ላይ ነው።

የማጓጓዣ ብሎኖቹ ወጥተዋል?

ከፊት የሚከፈት ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ከበሮው መንገድ ላይ እንዳይንገላታ ከኋላ በኩል በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ናቸው። ቤት ገብቶ ከመነሳቱ በፊት መውጣት አለባቸው። ካልወጡ ሞላውም ሾኩም ሥራ የላቸውም፤ ንዝረቱ ሳይቀነስ በቀጥታ ወደ ቀፎው ይመጣል። ለጥ ያለ ወለል ላይ ቢሆንም ይጋልባል።

ጓደኛዬ ለገሃሬ አካባቢ አዲስ ማሽን አስገብቶ ስምንት ወር በብሎኑ ሠራበት። ጎረቤቶቹ በጭመቃው ድምፅ ሰዓት ይቆጥሩ ነበር። ሄጄ ከኋላ ሳየው አራቱም ብሎኖች ከነፕላስቲካቸው ቁጭ ብለዋል። "እኔ የማሽኑ አካል መስሎኝ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማን ነገረው?

ማሽኑን ከግድግዳው ሳቡና ጀርባውን እዩ። ትልልቅ የብሎን ራሶች ካሉ እነሱ ናቸው። በ10፣ በ12 ወይም በ13 ቁጥር መፍቻ አላሉና ከነፕላስቲካቸው ወደ ውጭ ጎትቱ። ቀዳዳዎቹን አብሮ በመጣው ክዳን ድፈኑ፤ በረሮና አይጥ እንዳይገባ። ብሎኖቹን እንዳትጥሏቸው። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ከከዚራ ወደ ሳቢያን ቤት የምትቀይሩ ቀን ተመልሰው መታሰር አለባቸው።

ያገለገለ ማሽን የገዛችሁ ደግሞ ሌላም ነገር አስቡ። ያለ ብሎን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከመጣ ከበሮው መንገዱን ሁሉ ሲላተም ነው የመጣው። ሞላው ከመንጠቆው ወልቆ ሊሆን ይችላል። ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

እግሮቹ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የማሽኑ እግር ጥርስ ያለው ብሎን ነው። ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል። እላዩ ላይ ወደ ቀፎው ጠጋ ብሎ አንድ ዳዶ አለ፤ የእግሩ ቁልፍ ማለት ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ድንጋይ ታውቁታላችሁ። ያው ድንጋይ እርጥብ ቦታ የቆመ ማሽን እግር ላይም ይጋገራል። ዳዶው እምቢ ካለ በመፍቻ አትታገሉት፣ ጥርሱ ይላጣል። ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ እግሩ ላይ ጠምጥሙና ግማሽ ሰዓት ተዉት። የእናቴ ማሽን የኋላ ቀኝ እግር እንደ ኖራ ነጭቶ ነበር። በአቼቶ ፈላ፣ ተፈረፈረ፣ ከዚያ በእጅ ዞረ። ሲጨርስ በውሃ አጥቡትና አድርቁት፤ አቼቶ ብረት ላይ ሲቆይ ያዝጋል።

አሁን ማሽኑን በሚሠራበት ቦታ አቁሙት። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አታጣብቁት፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ልቀቁለት። አራቱንም እግሮች በተቻለ መጠን አሳጥሩ። እግር በረዘመ ቁጥር መወዛወዙ ይብሳል። ማስረዘም ያለባችሁ ወለሉ ዝቅ ባለበት ወገን ያሉትን ብቻ ነው። የኋላዎቹን ከፊተኞቹ በፊት ጨርሱ፣ በኋላ አይደረስባቸውም። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ማሽኑን ወደፊት ትንሽ ያዘነብላል፣ ሌላው ያዞራል። ከሥሩ እንጨት ሳትደግፉ እጃችሁን አታስገቡ።

ልኩን በምን እናውቃለን? ግንበኛ ጎረቤት ካላችሁ ውሃ ልክ ተዋሱ። ማሽኑ ላይ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ አስቀምጡት፤ አረፋዋ መሃል ትሁን። ከሌለ ብዙ ስልኮች ላይ ውሃ ልክ የሚሆን አፕ አለ። ይህም ከሌለ ቁራጭ መስታወት ላዩ ላይ አድርጋችሁ የልጆች ብይ ልቀቁበት። ወደሚንከባለልበት ያለው ወገን ዝቅ ያለው ነው።

ልኩ ከመጣ በኋላ በማዕዘን ተጫኑት። የፊት ግራውንና የኋላ ቀኙን፣ ከዚያ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን። ቀጭ ካለ አንዷ እግር አየር ላይ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ አስር ብር ኖት አውጡና ከእያንዳንዱ እግር ሥር ልትገፉት ሞክሩ። የገባበት እግር ውሸታም ነው። መሬቱን እስኪነክስ አስረዝሙት።

እና አሁን፣ ሁሉም ሰው የሚረሳት ነገር። ዳዶዋ። እግሩን አስተካክላችሁ ዳዶዋን ወደ ላይ፣ ከቀፎው ጋር ካላጠበቃችኋት ንዝረቱ ራሱ እግሩን እየፈታ ይመልሰዋል። ማክሰኞ ያስተካከላችሁት ማሽን ቅዳሜ ተመልሶ ይራመዳል። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። እግሩን በአንድ እጅ እንዳይዞር ይዛችሁ ዳዶዋን በመፍቻ ጥርቅም አድርጉ። አራቱንም።

ጎማ ያለው የብረት መቀመጫ ላይ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አውርዱት። ለመጥረጊያ ይመቻል፣ ለጭመቃ ግን ባጃጅ ላይ እንደ መጫን ነው።

ወለሉ በጣም ካዘነበለ

እግሩ የሚረዝመው ጥቂት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ካስረዘማችሁ በኋላም ልኩ ካልመጣ፣ ወይም ማሽኑ በቀጭን ረጅም እግር የቆመ ሽመላ ከመሰለ፣ መፍትሔው ሲሚንቶ ነው። ከእግሩ ሥር እንጨትና ጠጠር መደርደር አይደለም። እነሱ በሦስተኛው እጥበት ይንሸራተታሉ።

ማሽኑ በአብዛኛው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። 70 በ70 የሆነ መደብ ይበቃዋል። ፍሳሹን እንዳይዘጋ ቦታውን ምረጡ። የድሮውን ወለል በመዶሻና በመሮ ጫር ጫር አድርጉት፤ ልሙጥ ላይ ሲሚንቶ አይይዝም። ዙሪያውን ጣውላ አቁሙ፤ ዝቅ ባለው ወገን 7 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ባለው ደግሞ ከ5 እንዳያንስ፣ የላይኛው ጠርዝ በውሃ ልክ ለጥ ይበል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ውሃውን አታብዙት፤ ጥቅጥቅ ያለ ገንፎ ይምሰል።

እዚህ ላይ ድሬ መሆናችሁን አትርሱ። በኛ ሙቀት ቀን የፈሰሰ ሲሚንቶ ሳይጠነክር ላዩ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ወደ ማታ አፍስሱት። በማግሥቱ እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። የኛ ሰው "ደረቀ" ብሎ በሁለተኛው ቀን ማሽን ይጭንበታል። ደርቋል፣ አልጠነከረም። ቢያንስ ሳምንት ታገሱ። ሙሉ ጉልበቱን የሚይዘው በ28 ቀን ነው፣ ግን ያን ያህል በእጅ እጠቡ አልላችሁም።

ጎማ

ልኩ የመጣ ማሽንም ሴራሚክ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፣ በተለይ ሳሙና ያለው ውሃ ከነካው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የጎማ እግር ይሸጣል። ካጣችሁ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ያረጀ የመኪና ጎማ፣ በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት፣ ጠፍጣፋውን ክፍል በእጅ መዳፍ ልክ አራት ቦታ ቁረጡልኝ በሉት። ውፍረታቸው እኩል መሆን አለበት፣ ካልሆነ ልኩን መልሳችሁ ታበላሹታላችሁ። ዘይትና አቧራውን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከእግሮቹ ሥር አስገቡና ልኩን እንደገና እዩ። ስፖንጅ፣ ምንጣፍና የታጠፈ ካርቶን አይሆንም። ለስላሳ ነገር መወዛወዙን ይጨምራል።

ጎማ እግርን አይተካም። ያዘነበለ ማሽን ሥር ጎማ መክተት፣ የሚያነክስ ሰው ጫማ እንደ መቀየር ነው።

አሞላል

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውሃው ከመጣ የሳምንቱ ልብስ በሙሉ ይጠቀጠቃል። ከበሮው እስከ አፉ ከሞላ ልብሱ ለመበተን ቦታ የለውም፣ ባለበት ይቋጠራል። ከላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ።

ጥቂት ልብስም ያስቸግራል። አንድ ጋቢ ብቻውን ከገባ ውሃ ጠጥቶ አንድ ወገን ላይ ይተኛል። ሁለት ፎጣ ጨምሩለት፣ ተቃራኒውን ወገን ይይዙለታል። አንሶላ ደግሞ ሽርጡንም ድሪያውንም ውጦ ኳስ ይሆናል። ማሽኑ ጭመቃ ሊጀምር ሲል ዱብ ዱብ ካለ አቁሙት፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቁ፣ ኳሱን ፍቱና በትናችሁ መልሱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የማይጨመቅም ነገር አለ። ውሃ የማያሳልፍ ነገር፣ የዝናብ ጃኬት ወይም የሕፃን ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ በጭራሽ ጭመቃ አይግባ። ውሃውን እንደ ከረጢት ይይዘውና መሃል ላይ በአንድ ጊዜ ሲለቀው ማሽኑ ይዘላል። ሲብስ ቀፎው ይሰበራል።

ያቺ ቁጥር ደግሞ እዚህ ትመጣለች። ብርድ ልብስና ከባድ ነገር ስታጥቡ ፍጥነቱን ወደ 800 አውርዱት። ጉልበቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ልብሱ ትንሽ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ግን የድሬ ፀሐይ እያለች ማድረቅ የማሽን ሥራ ነው እንዴ? ገመድ ላይ ስጡት፣ ቡና አፍልታችሁ ሳትጨርሱ ይደርቃል።

ውስጡ ሲሆን

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ባዶውን የሚጋልብ ከሆነ በሩን ክፈቱና ከበሮውን ከላይ በእጃችሁ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተመልሶ ዝም ካለ ሾኮቹ ደህና ናቸው። እንደ ፍራሽ ሦስት አራት ጊዜ ከተነጠረ ሾኮቹ አልቀዋል። ከበሮው ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ ከተንጠለጠለ ሞላ ወልቋል፤ ያ በአይሱዙ የመጣው ማሽን ነገር ይህ ነው። ጓ ጓ የሚል ከባድ ድምፅ ካለ ደግሞ ከበሮውን እንዲያከብድ የታሰረው የኮንክሪት ብሎክ ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታውንና ሾኩን ለባለሙያ ስጡ። ግን ስታስጠሩት "ይንቀጠቀጣል" ብቻ አትበሉት። "እግሩን አስተካክያለሁ፣ ብሎኑ ወጥቷል፣ ከበሮውን ስጫነው አራት ጊዜ ይነጥራል" በሉት። ያኔ "ሞተሩ ነው" የሚላችሁ የለም።

ሁለት ጎድጓዳ ያለው የፕላስቲክ ማሽን ካላችሁ አብዛኛው ችግር አደራደር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ቀላል ስለሆነ ትንሽ ነገር ያስሄደዋል። መጭመቂያው ጎድጓዳ ማጠቢያው የያዘውን ሁሉ አይችልም፣ በሁለት ዙር ጭመቁ። ልብሱን ዙሪያውን እኩል ጠቅጥቁና አብሮ የመጣውን ክብ ፕላስቲክ ከላይ ክደኑበት። ክዳኑን ስትከፍቱ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ፍሬኑ አልቋል። እስኪሠራ ድረስ አትጠቀሙበት፣ ልጆችንም አታስጠጉ። የሚሽከረከር ልብስ እጅ ይጠመጥማል።

ሲያልቅ በአራቱ እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። ከሦስት አራት እጥበት በኋላ እግሩ ከመስመሩ ከወጣ ዳዶዋን እንደገና እዩ። እናቴ ጠመኔ አላገኘችም፣ በሚስማር ጫረችው። ጭመቃ ሲጀምር ደግሞ ባዶ ሲኒ ላዩ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ባለፈው ስሄድ ሲኒዋ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ አልወደቀችም።